ሰላምታ በመንሳት የተከሰስኩበት ጉዳይ

በእያንዳንዱ የአገራችን መንደር አንድ ከሳሽ አለ። ከሌለ መንደሩ ገና አልተቋቋመም ማለት ነው። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ መንደር ሲቋቋም በዓይኔ አይቻለሁ።

አሶሳ አጠገብ ያለው አምባችን ያኔ ከቁጥር በቀር ስም አልነበረውም። መንግሥት በድርቅ የተጎዱትን ሰዎች ከወሎና ከሸዋ አምጥቶ ሲያሰፍር ለሁሉም ነገር ዕቅድ ወጥቶ ነበር፤ ለወፍጮው፣ ለክሊኒኩ፣ ለትራክተሩ፣ እኔ ለተመደብኩበት ትምህርት ቤት። ለከሳሽ ግን ማንም አላቀደም። እሱ በራሱ መጣ። አያ ገበየሁ ከመኪና በወረደ በሳምንቱ፣ የጎጆው ጣሪያ ተከድኖ ሳያልቅ፣ አብሮት የተጫነውን ሰው ‹‹መንገዱን ሙሉ እግሬን ረግጦኛል›› ብሎ ከሰሰ። ወፍጮው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ሞቱማ እባላለሁ፤ ከቤጊ የመጣሁ አስተማሪ ነኝ። ከአያ ገበየሁ ቤት የሚለየኝ አንድ የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። አያ የምለው ወሎዎቹ ታላቃቸውን እንዲያ ስለሚጠሩ ነው። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ሳልረዳ መተው አልችልምና የሙግቱን አሠራር በቅርብ አጥንቻለሁ። ላስረዳችሁ።

የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ረቡዕ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ይቀመጣል፤ ሰፋሪው ከመምጣቱ በፊት የአገሩ ተወላጆች የበርታ ገበሬዎች በተከሉት ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር። አያ ገበየሁ ከዳኞቹ ቀድሞ ይደርሳል። ጋቢውን በአንድ ትከሻው ይጥላል፣ በትሩን ከፊቱ ያቆማል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝምታው ዋናው ነገር ነው። የሚያስለው ሰው አስሎ እስኪጨርስ ይጠብቃል። መናገር ሲጀምር ባለጋራውን በስሙ አይጠራም፤ ‹‹ይህ ከፊታችሁ የቆመው›› ይላል። ነጥቡን የሚዘጋው ደግሞ ሁልጊዜ ‹‹ይመዝገብልኝ›› በማለት ነው። ሸንጎው ወረቀትም መዝጋቢም አልነበረውም። ይህንን ሲነግሩት፣ ‹‹መዝጋቢ አለመኖሩም ይመዝገብልኝ›› ይላል።

የአንድ ጎረቤት የማንጎ ዛፍ ጥላው ከሰዓት በኋላ ዞሮ በርበሬዬ ላይ ይተኛል ብሎ የዛፉን ባለቤት ሸንጎ አቁሟል። የሰው ዶሮ እሱ ቤት እንቁላል ጥላ፣ ባለቤቷ እንቁላሉን ሲጠይቅ፣ ዶሮዋ ቤቷን ጥላ የወጣችው በደል ደርሶባት መሆን አለበት ሲል ለዶሮዋ ጠበቃ ሆኖ ግማሽ ቀን ተከራክሯል። የግብርና ባለሙያው ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው ብሎ ነበርና፣ ዝናቡ ሲዘገይ ተጠርቶ መልስ ሰጥቷል። ሁለት ሰዎች በራሳቸው ነገር ሲጣሉ ከሰማም ‹‹ጉዳዩ እኔንም ይነካኛል›› ብሎ መሀል ይገባል። ባለቤቱ ብሪቱ እንኳ ስለ ወጥ ጨው ቀርባ ተሟግታለች። ረታችው።

መርታት ግን ጉዳዩ አይደለም። አንድ ጊዜ ሳያስበው ረትቶ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፎ ሰነበተ። ምን ሆኑ ብዬ ስጠይቀው፣ ‹‹የረታሁት ነገር ያለቀ ነገር ነው፤ ረቡዕ ምን ይዤ ልሄድ ነው?›› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ፍርዱ ወደ እሱ ማዘንበል ሲጀምር ፈጥኖ ይነሣና ‹‹ምስክር አለኝ፤ ቀጠሮ ይሰጠኝ›› ይላል።

አሁን ስለ አንገቴ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባችሁም።

በእኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም። የእኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አድጎ እስትንፋሴን ማጥበብ ሲጀምር አዲስ አበባ ሄጄ በቀዶ ሕክምና አስወጣሁት። ያበጠው ዕጢ ታይሮይድ ይባላል። ከማንቁርት በታች እንደ ቢራቢሮ ክንፉን ዘርግቶ የተቀመጠ ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ልብ በምን ፍጥነት ትምታ፣ ገላ ምን ያህል ይሙቅ፣ ሰው ምን ያህል ይንቃ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ ዕጢ ሳነብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ሲወጣ ሥራውን የሚተካ ክኒን መዋጥ የግድ ነው፤ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ ዕድሜ ልክ። የእኔ ክኒን ዘግይቶ ተጀመረ። እስከዚያ ፊቴ አበጠ፣ ድምፄ ጎረነነ፣ በአሶሳ ሙቀት ብርድ ልብስ ደርቤ መንቀጥቀጥ ያዝኩ።

ክኒኑ ሲጀመር ብርዱ ለቀቀኝ፣ እብጠቱም ቀነሰ። ሐዘኑ ግን አብሮ አልሄደም። ሐዘን የምለው ሌላ ቃል ስላጣሁለት እንጂ የሞተብኝ ሰው አልነበረም። ጠዋት አልጋዬ ጠርዝ ላይ እቀመጥና አንዱን ጫማ አጠልቃለሁ፤ ሌላውን በእጄ እይዛለሁ። ደወል ተደውሎ፣ ሰው ለወል እርሻው ወጥቶ፣ ፀሐይ በበሩ እስክትገባ ጫማውን እንደያዝኩ ነኝ። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ወደ ሰሌዳው እዞርና ልጽፍ የነበረው ይጠፋኛል። ርእሰ መምህሩ አዝኖልኝ ዕረፍት ሰጠኝ። ዕረፍቱ ከሁሉም የባሰ ሆነ፤ ያን አንዱንም ጫማ ማጥለቅ ቀረ።

ቀስ በቀስ ክኒኑንም ተውኩት። እምቢ ብዬ አይደለም። ብልቃጡ መደርደሪያው ላይ ይታየኛል፤ ተነሥቼ ብውጠው ለምኑ እላለሁ፤ እተኛለሁ። ያለዚያ ክኒን እንደ እኔ ያለ ሰው እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ ሄዶ እንደሚሞት ተነግሮኛል። አውቀው ነበር። ማወቄ ከአልጋ አላነሣኝም።

ሰላምታ መስጠት ያቆምኩትም ያኔ ነው። የወሎ ሰው ሰላምታ ደግሞ በአንድ ቃል አያልቅም። እንዴት አደሩ ይላል፤ ሌሊቱን ይጠይቃል፤ ጤናን፣ ቤተ ዘመድን፣ ዝናቡን ይጠይቃል፤ ለሁሉም መልስ ይጠብቃል። እኔ ለመጀመሪያው የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም። አያ ገበየሁ አንገቱን በአጥሩ ላይ አስግጎ ‹‹እንዴት አደሩ መምህር›› ሲል፣ ውኃ ልቀዳ የወጣሁት ሰው ሰምቼ እንዳልሰማሁ እገባለሁ።

አንድ ማክሰኞ የአብዮት ጥበቃው መጥቶ ነገ ሸንጎ ትፈለጋለህ አለኝ። ክሱ፣ ጎረቤቴ ሆኖ ሳለ ንቆኝ ሰላምታ ነስቶኛል የሚል ነው።

ባትመጣ መጥተን እንወስድሃለን ስለተባልኩ ሁለቱንም ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ሰብሳቢው አቶ ረጋሳ የሚባል ከሸዋ የመጣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። አያ ገበየሁ የተለመደውን ዝምታውን ዝም ብሎ ሲያበቃ ምስክሩን ጠራ። ምስክሩ ማር ሊሸጥ ወደ አምባችን የሚመላለሰው የበርታው ሽማግሌ ጁምዓ ነው። መምህሩ ሰላም ሲባል ዝም ማለቱን አይተዋል ወይ ተባለ።

‹‹አይቻለሁ፤ ወላሂ›› አለ ጁምዓ። ‹‹እሱን ሰላም አላለም። እኔንም ሰላም አላለም። ግን መምህር ራሱንም ሰላም የሚል አይመስለኝም።››

አያ ገበየሁ ምስክሩን በክፉ ዓይን ተመለከተው። አቶ ረጋሳ መልስ ስጥ ሲለኝ አሞኛል አልኩ። ከሳሼ ይህን ጠብቆ ነበር።

‹‹አንገቱ እንደሆነ ታክሞ ድኗል፤ ጠባሳውን ሁላችንም እናየዋለን። ይህ ከፊታችሁ የቆመው አሁን የሚያመው የት ላይ ነው? በጣቱ ያሳይልኝ።››

እጄን አነሣሁና የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ። ቆይቼ መለስኩት። ማስረጃ ይዞ ይቅረብ ተብሎ ቀጠሮ ተሰጠ።

በቀጠሮው ቀን የክሊኒኩ ጤና ረዳት ብርሃነሽ መጣች። ሰው እንዲገባው ብላ እመጋዘኑ አጠገብ ተበላሽቶ የቆመውን ትራክተር አሳየች። ‹‹ያ ትራክተር ናፍጣ አለው። ሞተሩም ደህና ነው። የተበላሸው ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚለቀው ዕቃ ነው። መምህርም እንዲያ ናቸው፤ ክኒኑ የወጣውን ዕጢ ይተካል። ልብ ደግሞ ከገላ ዘግይታ ነው የምትነሣው። ይሄም በሽታ ነው። ንቀትም ስንፍናም አይደለም።››

ራሴም ነገሩ በሽታ ሲባል የሰማሁት ያን ዕለት ነው። አስተማሪ ነኝና ጥሩ ትምህርት ሲሰጥ አውቃለሁ።

አያ ገበየሁ ረጅም ዝምታ ዝም አለ። ሰው ክሱን አነሣ ብሎ መንቀሳቀስ ሲጀምር በትሩን ወደ ፊት አራመደ።

‹‹መልካም። መድኃኒት አለው ተብሏል፤ ይመዝገብልኝ። እንግዲህ ይህ ከፊታችሁ የቆመው እየዋጠ ዝም ካለኝ ታሟልና ምሬዋለሁ። ሳይውጥ ዝም ካለኝ ግን አውቆ ነው። ይውጣል ወይ? ተጠይቆ ይመልስልኝ።››

ብርሃነሽ ዞራ አየችኝ። መዋጥ መተዌን ተናገርኩ። አምባው አጉረመረመ። ዳኞቹ ራሳቸውን ለብቻ አድርገው ተመካከሩና፣ ተከሳሽ በየማለዳው ደወል ሲደወል አጥሩ ሥር ቆሞ፣ ከሳሽ እያየው ክኒኑን ይዋጥ፣ ጉዳዩም በቀጠሮ ይቆይ ሲሉ ወሰኑ። ካነበብኳቸው የሕክምና መጻሕፍት በአንዱም ይህን ዓይነት ትእዛዝ አላገኘሁም።

በማግሥቱ አጥሩ በበትር ተንኳኳ።

‹‹መምህር፣ ዋጡ?››

‹‹ዋጥኩ።››

‹‹ምላስዎን ያሳዩ።››

አሳየሁ።

‹‹ይመዝገብልኝ።››

ለብዙ ጊዜ በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የምነጋገረው ይህንኑ ነበር። አጥሩ ዘንድ ለመድረስ ግን ሁለቱንም ጫማ ማጥለቅ ነበረብኝ። ከደረስኩ ወዲያ ክቡር ከሳሼ ስለ ሌሎቹ ክሶቹ ያወራልኛል፤ እኔም ማምለጫ የለኝምና እሰማለሁ። አንድ ጠዋት ምላሴን መልሼ ከከተትኩ በኋላ፣ ለመሆኑ የዶሮዋ በደል በምን ሊረጋገጥ ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ፀሐይ ከፍ እስክትል አስረዳኝ። ወደ ቤት ስገባ ነው የገባኝ፤ ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ ማወቅ ፈልጌ የጠየቅሁት የመጀመሪያው ነገር ነው።

እንዳትሳሳቱ፤ ክስ ክኒንን አይተካም። ያዳነኝ ክኒኑ ነው፣ መጠኑን እያየች ያስተካከለችልኝ ብርሃነሽ ናት፣ ጊዜውም ነው። ከዚያም በኋላ ጫማዬን እንደያዝኩ የቀረሁባቸው ጠዋቶች ነበሩ። በትሩ አጥሩን ሲመታ ግን ተነሥቼ እወጣ ነበር።

አያ ገበየሁ ይህን ሁሉ ያደረገው አስቦ ይሆን? መረመርኩ። ከእኔ ሌላ በሰላምታ የከሰሰው ሰው አልነበረም፤ ይህ አስቦ ነው ያሰኛል። በዚያው ሰሞን ግን ምላሱን ሲያሳየኝ ሣቀብኝ ብሎ ሁለተኛ ክስ አክሎብኛል። በመጨረሻ ብሪቱን ጠየቅኋት። ‹‹እሱ?›› አለችና አፏን በነጠላዋ ይዛ ሣቀች። ‹‹መምህርዬ፣ ከልቡ ተናዶብዎት ነው። እህል አልበላ ብሎኝ ነበር።››

እንዲያ ከሆነ ይበልጥ ወደድኩት። ያኔ ሰው ሁሉ ሲያዝንልኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጓሮዬ ሲያልፍ፣ የሚናደዱበት ሰው ነው ብሎ የቆጠረኝ እሱ ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት አብሮት የሰፈረው የአያ ገበየሁ ታናሽ ወንድም አምባውን ጥሎ በእግሩ ወደ ወሎ ጠፋ። አልተሰናበተውም። ይድረስ ይቅር የሚያውቅ የለም። በማግሥቱ አጥሩ አልተንኳኳም። ክኒኔን ብቻዬን ዋጥኩ። የጎረቤቱ ማንጎ እየበሰለ ጣሪያው ላይ ሲወድቅ ይሰማል፤ ከአያ ገበየሁ ቤት ድምፅ የለም። ረቡዕ ሸንጎው ተቀምጦ አቶ ረጋሳ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዋለ። የሚቀጥለውም ረቡዕ እንዲሁ። አምባው ተረበሸ። በእሱ የተከሰሱ ሰዎች እህል እየያዙ ሄደው አጽናኑት። ብርሃነሽ አይታው ገላው ደህና ነው አለች። እኔም ሄጄ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጦ አገኘሁትና እንዴት ዋሉ አልኩት። አልመለሰልኝም።

ማጽናናቱን ተውኩትና ረቡዕ ሸንጎ ሄጄ ክስ አቀረብኩ።

አቶ ረጋሳ ክስህ ምንድን ነው አለኝ። ጎረቤቴ ሆኖ ሳለ ንቆኝ ሰላምታ ነስቶኛል አልኩ። ወደ ማንጎው ቅርንጫፍ ቀና ብሎ አየና ተከሳሽ ይጠራ አለ።

በሚቀጥለው ረቡዕ የአብዮት ጥበቃው ይዞት መጣ። ጋቢው ሁለቱንም ትከሻውን ሸፍኖታል። በትር አልያዘም። እኔ ጋቢዬን በአንድ ትከሻዬ ጥዬ፣ የሚያስለው አስሎ እስኪጨርስ ጠበቅሁና ክሴን አሰማሁ። ተከሳሽ መልስ ስጥ ተባለ። መሬት መሬቱን ያያል። ብሪቱ ከሴቶቹ መሀል ቆማ ነጠላዋን ጨብጣለች። ማንም አላሳለም። አቶ ረጋሳ ሊያሰናብተው አፉን ሲከፍት ነው ከጋቢው ውስጥ ቀጭን ድምፅ የወጣው።

‹‹ክሱ ጎደሎ ነው።››

‹‹ምን አሉ?››

‹‹ጎደሎ ነው። ቀኑን አልጠራም። የነሳሁት ሰላምታ የጠዋቱን ነው የማታውን? በደጅ ነው በቤት? እንዲህ ተብሎ አይከሰስም።›› እጁን በትሩ ወደሚቆምበት ቦታ ላከና ባዶውን ጨበጠ። ‹‹ይህ ከፊታችሁ የቆመው ክስ አያውቅም። ይመዝገብልኝ።››

ከዚያ በኋላ ምስክር አለኝ፣ ቀጠሮ ይሰጠኝ አለ። ተሰጠው። በማግሥቱ ደወሉ ሲደወል አጥሩ ዘንድ ቆሜ ነበር፤ ዘግይቶም ቢሆን በትሩ ቀርከሃውን መታው።

ጉዳዩ እነሆ እስከ ዛሬ በቀጠሮ ላይ ነው። ባለፈው ረቡዕ አያ ገበየሁ ወንድሙ በሰላም ስለመድረሱ ወሬ እንደሌለ ለሸንጎው ሲናገር ድምፁ ከዳው፤ ክርክሩን አቋርጦ ተቀመጠ። የሚመልስልኝ አልነበረምና ዳኞቹ ለእኔ ሊፈርዱ ተጠጋጉ። ፈጥኜ ተነሣሁና ምስክር አለኝ፣ ቀጠሮ ይሰጠኝ አልኩ።