የሚጠብቅና የሚላላ ሰው

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ መጻሕፍት እኔን ሊያነቡኝ ተሰልፈው በሕልሜ አየሁ።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ደቃቅ ፊደል ስለቅም ዓይኔን ጨረስኩት። አሁን ጋዜጣ ስይዝ የሚታየኝ ጉንዳን ነው። የእህቴ ልጅ ፊደልን እንደ ልብ የሚያሳድግ የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ስትልክልኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። ብከፍተው አማርኛ አያውቅም! በየፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ደርድሮ ቁጭ። ሬዲዮም ስልክም የሚጠግነው ጎረቤታችን ሙሉሰው አይቶት ሳቀ።

«ጋሼ ጌጡ፣ የራሱን ሶፍትዌር እንተወውና የኛን ፊደል የሚያውቅ ሌላ እንጫንበት» አለኝ። በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘውና እስኪጨርስ ሱቁን ሊያይ ሄደ። እኔም ማንበቢያውን ደረቴ ላይ አድርጌ ዓይኔን ከደን አደረግሁ።

ወዲያው ራሴን አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አገኘሁት። መደርደሪያው ላይ የተደረደርነው ሰዎች ነን፤ ስማችን ጀርባችን ላይ ተጽፏል። ከጎኔ ያለች አንዲት ሴትዮ «እኔን እኮ ማንም ተውሶኝ አያውቅም» እያለች ታማርራለች። መጻሕፍቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያማርጡናል። አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ጆሮዬን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ፤ ጣቱን በምራቁ አርሶ ኮቴን ገለጠ።

«ይኼ ሰው ጽሑፉ ደቃቅ ነው» አለ። «ደግሞ ዝግ ነው። ከራሱ ሐሳብ በቀር ሌላ አይቀበልም።»

«ታዲያ ሌላ ሶፍትዌር ጫኑበታ!» አለች ሽንኩርት ሽንኩርት የምትሸት የወጥ አሠራር መጽሐፍ።

እምብርቴ ላይ ገመድ ሰኩ። ፊደሌን ሲያሳድጉት ራሴ እንደ ጎታ አብጦ ጣሪያውን ነካ፤ ከአንገቴ በታች ያለሁት ሰውዬ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ። ኅዳጌን ሲያሰፉት ክንዶቼ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተለጠጡ። አንድ ቀበጥ የተረት መጽሐፍ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር የሚያደርገውን ቁልፍ ነካና ሽበቴ ተመልሶ ጠቆረ፤ ጥርሴም አብሮ ከሰል ሆነ። እውነቱን ለመናገር ፀጉሩን ወድጄው ነበር። ባለቤቴ ውድነሽ ባየችኝ አልኩ።

መዝገበ ቃላቱ ግን ቸኩሏል። «መጨረሻው እንዴት ነው?» ብሎ ተረከዜን ገለጠ። እዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ አለች።

«ጌጡ በመጨረሻ...» ብሎ ቆመ። «ይ፣ በ፣ ላ፣ ል። ይቺ እንዴት ነው የምትነበበው? ላልታ ከሆነ ሰውየው ምሳ ይበላል። ጠብቃ ከሆነ ግን ምሳው ራሱ ሰውየው ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንገቱ ላይ ናፕኪን ያሰረ ጅብ ፊት ወንበር ላይ መቀመጡን ያየሁት ይኼኔ ነው።

«እኔ ለማንም አላዳላም» አለ ጅቡ በትሕትና። «ጉባኤው የወሰነውን እበላለሁ።»

«ላልታ ነው! እኔ አራሚ ነኝ፣ አውቃለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

«መጽሐፍ ስለ ራሱ አይመሰክርም» አለ መዝገበ ቃላቱ።

«የማጥበቂያ ነጥብ ከሌላትማ ላልታለች!»

«አንተ ባረምከው መጽሐፍ ውስጥ መቼ ነጥብ ኖሮ ያውቃል?»

እውነቱን ነዋ። ስንቱ ደራሲ ከሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርግልኝ ብሎ ለምኖኛል። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ «አንባቢ ከዐውዱ ይረዳል» እል ነበር። በዚህች አባባል ስንት የተማረ ሰው አሳፍሬ መልሻለሁ መሰላችሁ።

«እንግዲያው ከዐውዱ እንረዳ!» አለች የወጥ መጽሐፏ።

ሁሉም ዞረው ዐውዱን አዩት። ዐውዱ ናፕኪኑን አስተካከለ።

«ጠብቃለች!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

ጅቡ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። በእውነት ፈራሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬ በገዛ ሕጌ መበላቴ ደግሞ አንገበገበኝ።

«አዲሱ ሶፍትዌር ነጥብ ያውቃል! እስኪጨርስ ጠብቁኝ፣ ዘጠና ሰባት ከመቶ ደርሷል!»

«ሰማችሁ? ራሱ ጠብቁ አለ!» ብሎ ጅቡ አጨበጨበ።

ዘጠና ስምንት ሲል ትከሻዬን ያዘኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ገፈተርኩት፣ ገመዱን ከእምብርቴ መንጭቄ ልሮጥ ስል ነቃሁ።

የላፕቶፑ ገመድ እጄ ላይ ተንጠልጥሏል። ማንበቢያው ከሶፋው ሥር ወድቋል። አንስቼ አቀፍኩት፤ ገጹ ድፍን ጥቁር ነው። ብጫነው፣ ብነቀንቀው፣ እፍ ብለው፣ ወይ ፍንክች! ከዚህ በኋላ በምን ዓይኔ ነው መጽሐፍ የማየው ብዬ ሳስብ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አላፍርበትም።

ውድነሽ በሩ ላይ ቆማ በስልክ ታወራለች። ከአነጋገሯ የድሮ አለቃዬ ጋሽ በላቸው እንደሆኑ ገባኝ፤ ስለ ማንበቢያው ሰምተው ደስ ብሏቸው ነው የደወሉት።

«አዎ ጋሼ፣ ደርሶለታል» አለች ወደ እኔ እያየች። «ይኸው ታቅፎት ያነባል።»

«ባ»ን አላጠበቀችውም።