ተቀባይ የሌለው ጉርሻ

ትናንት ሌሊት ዓለም ተገልብጦ በሕልሜ አየሁ። ዘበኛ በሆንኩበት ቤተ ሙከራ ብርሃን እየተመገቡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በብርጭቆ ገንዳ ይረባሉ። በሕልሜ ግን ገንዳው ውስጥ ያሉት ሰዎች ነበሩ። ባክቴሪያዎቹ ነጭ ጋውን ለብሰው ከእኔ ጋር ውጭ ቆመዋል። በሬ ያህላሉ፤ ሐምራዊ ናቸው፤ ፊት የላቸውም።

መብራቱ ሲበራ ከላይ ከተንጠለጠለ ቱቦ ጉርሻ ወረደ። የመጀመሪያው ሰው ተቀበለና አጠገቡ ያለውን አጎረሰ። ያም ቀጣዩን። ጉርሻ እምቢ አይባልምና ማንም እምቢ አላለም። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ምንትዋብ ከሰልፉ መሀል ትጮሃለች።

«ጉርሻው ኤሌክትሮን ነው፤ ይዞ መቆም የለም! አቀብል እንጂ አንተ፣ ምን ያፈዝዝሃል!»

ከሰልፉ መጨረሻ ባለቤቴ አስካለ ቆማለች። ከእሷ ቀጥሎ ማንም የለም። ጉንጯ አብጧል።

«ጌታዬ፣ እሷስ ማንን ታጉርስ?» አልኩ።

«እንግዳውን ነበር» አለኝ አንዱ ባክቴሪያ። «ካርቦን ይባላል። ሁልጊዜ እንደራበው ነው።»

«ታዲያ የታለ?»

«በር ዘጋንበት። እሱ ካለ ሁሉንም ይበላዋል። ከሌለ ግን ሲጨንቃት አረፋ ትተፋለች። አረፋው ጋዝ ነው፤ ይነድዳል። መኪናችን የሚሄደው በሱ ነው።»

«ካልተፋችስ?»

«አይዞዎት ጋሽ ደርበው፣ ሌላ ሚስት እናመጣልዎታለን።»

ከአስካለ አፍንጫ አንዲት አረፋ ወጣች። ባክቴሪያዎቹ አጨበጨቡ። እጅ ግን አላየሁባቸውም።

«አዩ? ትችላለች። ብርሃን ጨምሩ!»

ጉርሻው ፈጠነ። የአስካለ ዓይን ፈጠጠ። አረፋው ቆመ።

«በቃት!» ብዬ ጮህኩ። የሰማኝ የለም። ብርጭቆው ላይ ብደገፍ እንደ ውሃ አሳለፈኝ። ጎረቤቷ ሊያጎርሳት እጁን ሲዘረጋ ቀደምኩትና አፏን በመዳፌ ከደንኩት። ታገለችኝ።

«ቻይው» አልኳት። «አንድም አላስገባብሽም።»

አጥብቄ ያዝኩ። ቀስ በቀስ መታገሏን ተወች። ደስ አለኝ።

ነቃሁ። ቤቱ ጨለማ ነው። መዳፌ የአስካለ አፍና አፍንጫ ላይ ነበር። ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ገብቷል። እጄን አነሣሁ። አልተነፈሰችም። ከዚያ እንደ ሰጠመ ሰው አየር ሳበችና እየተንፏቀቀች ግድግዳው ድረስ ሸሸችኝ።

«ደርበው» አለች ድምጿ ሲመለስላት፣ «እየሳቅህ ነበር።»