የደም ወንፈል

[ጊዜው ዘመነ ደርግ ነው። ከቆቦ ወጣ ብሎ፣ የደረሰ ማሽላ መሐል። ገበሬው ሞላ ወንጭፍ ይዞ ወፍ መጠበቂያ ማማው ላይ ተቀምጧል። የክሊኒኩ ጤና ረዳት ሰላሁዲን የደረት ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሥር ቆሟል። አብሮ አደጎች ናቸው።]

ሰላሁዲን፦ ውረድ አልኩህ!

ሞላ፦ አንተ ውጣ።

ሰላሁዲን፦ በሽተኛ ነው ወደ ሐኪም የሚሄደው!

ሞላ፦ እኔ መቼ ታመምኩ?

ሰላሁዲን፦ እሱን ነው የምፈልገው! የምንመረምረው ጤነኛ ሰው ነው።

ሞላ፦ ጉድ ነው ጓድ ሐኪም! ጤነኛውን ከመረመራችሁ በሽተኛውን ምን ልታደርጉት ነው? [ወንጭፉን ያጮኻል] እሽሽ! በጎብዬ በኩል የግሪሳ ወፍ ወርዷል አሉ። ቶሎ ካላጨድን ማሽላችን አለቀ። ወጣቱ ለውትድርና ሄዷል፤ እጅ ከየት ይምጣ?

ሰላሁዲን፦ ለኔስ ሰው ከየት ይምጣ? ስማኝማ፣ ከሥሩ ላስረዳህ። መንግሥት ለልብ፣ ለሳንባና ለደም ጥናት ገንዘብ መድቧል። ለብቻው ለሚሠራ ግን አይሰጥም። እኛ የቆላውን ሰው፣ የደጋው ክሊኒክ የደጋውን ሰው እየመረመርን በጋራ ማጥናት አለብን።

ሞላ፦ ለምን?

ሰላሁዲን፦ ግሩም ጥያቄ! ደጋ ላይ አየሩ ሳሳ ይላል። ታዲያ የደገኛው ደም ከቆለኛው ይለያል ወይ? ልቡስ ይበልጥ ይደክማል ወይ? ይሄን ማወቅ አያጓጓህም?

ሞላ፦ ቀላል ነው። እኔ ማማ ላይ ነኝ፣ ደጋ። አንተ መሬት ላይ ነህ፣ ቆላ። በጋራ አጥንተን ጨረስን፤ ገንዘቡን አምጣው።

ሰላሁዲን፦ [እየሳቀ] አንተ ሰው! አጥኚዎቹ ነገ ከአዲስ አበባ ይገባሉ እኮ። ደም የሚሰጥ ካላገኙ ገንዘቡ ወደ ሌላ አውራጃ ይሄዳል። እስካሁን እሺ ያለኝ አንድም ሰው የለም።

ሞላ፦ ያ አንገትህ ላይ ያለው ነገር ነዋ ሰውን ያስፈራው። ልብ ያሰበውን ይሰማል ይባላል።

ሰላሁዲን፦ ውሸት! ሲመታ ብቻ ነው የሚሰማው።

ሞላ፦ ልቤ አንድ ነገር ቢያቅድስ?

ሰላሁዲን፦ አይሰማም!

ሞላ፦ ስላንተ ቢያቅድስ?

ሰላሁዲን፦ ኧረ ምንም አይሰማም አልኩህ!

ሞላ፦ [ከማማው እየወረደ] እንግዲያስ ደግ። ግን ሦስቱን አንድ ላይ ምን አመጣቸው? ልብ ለብቻው አይጠናም?

ሰላሁዲን፦ አየህ፣ ሳንባ አየር ይስባል። ደም ያን አየር ተሸክሞ ሰውነትን ያዳርሳል። ደሙን የሚገፋው ደግሞ ልብ ነው። አንዱ ቢለግም ሁለቱ ከንቱ ናቸው።

ሞላ፦ እንደ አጨዳችን ወንፈል ገብተዋላ! ዛሬ ለኔ፣ ነገ ላንተ።

ሰላሁዲን፦ [እያጨበጨበ] በትክክል! ወንፈል!

ሞላ፦ የናንተና የደጋው ክሊኒክስ ነገር?

ሰላሁዲን፦ እሱም ወንፈል!

ሞላ፦ እኛ ደም ስንሰጥህስ?

ሰላሁዲን፦ ያው ወንፈል ነዋ! ገባህ እኮ!

ሞላ፦ እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም። ደም የሰጠ ሁሉ ካንተ ጋር ወንፈል ገባ ማለት ነው?

ሰላሁዲን፦ ወላሂ ወንፈል ነው!

ሞላ፦ [ወደ ማሽላው ዞሮ ይጮኻል] ሰማችሁ? ማለ!

[ተደብቀው የቆዩ ጎረቤቶች እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ከማሽላው ውስጥ ይወጣሉ። ዘነበችና ሙሀመድሰይድ ከፊት ናቸው።]

ሰላሁዲን፦ አልሐምዱሊላህ! ይሄ ሁሉ ሰው እሺ ብሎ ነው? ምን ብለህ አሳመንካቸው?

ሞላ፦ አንተ ያልከውን ነዋ። ነገ ክንዳችን ላንተ፤ ከነገ ወዲያ ክንድህ ለኛ። [ማጭድ ያቀብለዋል] ከኔ ማሳ እንጀምራለን፤ ከዚያ ዘነበች፣ ከዚያ ሙሀመድሰይድ፣ ከዚያ እነዚያ ከኋላ ያሉት ሁሉ።

ሰላሁዲን፦ ምን? ለዚህ ሁሉ ማሳ አንድ ሰው?

ሞላ፦ ማን አንድ አለህ? የደጋው ክሊኒክ ባልደረቦችህስ? በጋራ ነው ብለኸኝ የለ? ይዘሃቸው ና!

ሰላሁዲን፦ [አንዴ ማጭዱን፣ አንዴ ማዳመጫውን እያየ] ይሄን ሁሉ መቼ አሰብከው?

ሞላ፦ ጠዋት ከማማው ላይ ሆኜ ከማሳ ማሳ ደም ስትለምን ሳይህ፤ እኔ ጋ ሳትደርስ ጎረቤቶቼን ጠራኋቸው። [ደረቱን ገልጦ ይጠጋዋል] በል አሁን አዳምጥ። ያቀድኩትን እንደማይሰማ አስቀድሜ መጠየቄ በጀኝ።