ፍልሰታ ሳይገባ የሚያልቅ ልብ ወለድ

ክረምት ሲመጣ ሰው ጃንጥላ ያዘጋጃል፤ እኔ መጽሐፍ እቆልላለሁ። ሰኔ ገና ማጉረምረም ሲጀምር አልጋዬ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ እደረድራቸዋለሁ፤ ወፍራሙን ከታች፣ ቀጭኑን ከላይ። ባለቤቴ አየት ታደርግና "አምናም እነዚሁ ነበሩ እኮ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። አምናም እነዚሁ ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሁለቱማ ካቻምናም ነበሩ። እናንተስ፣ ያላነበባችሁትን መጽሐፍ አቧራውን ጠርጋችሁ መልሳችሁ ስታስቀምጡት ያነበባችሁት ያህል ደስ አይላችሁም? እኔ ደስ ይለኛል።

የእኔ ዕቅድ ከሌላው ሰው የሚለየው መሐሉ ላይ አጥር ስላለው ነው። አጥሩ ፍልሰታ ነው። ሰኔና ሐምሌ የልብ ወለድ ናቸው። ነሐሴ አንድ ቀን ልብ ወለዱ በሙሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣና ገድሉና ድርሳኑ ይወርዳል፤ ጾሙ ሲፈታ ሥጋውም ልብ ወለዱም አብረው ይመለሳሉ። ይህን የትኛውም ቄስ አላዘዘኝም። አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ብጠይቅ "ደግሞ ይሄን ከየት አመጣኸው?" ብሎኛል። ያመጣሁት ካዛንቺስ ካደግኩበት ግቢ ነው፤ እዚያ የታወቀ ሕግ ነበር። ሐምሌ ሳያልቅ ያልጨረሰ ሰው ባለታሪኳን ገደል አፋፍ ላይ እንዳቆማት ትቷት ይጾማል። ከሽሮው ይልቅ የሚከብደው ይሄኛው ነበር።

አስተያየት ከጠየቃችሁኝ (ባትጠይቁኝም ያው ነው) በዘንድሮ ልብ ወለዶች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ሰዎቹ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይፋቀራሉ፣ ይካካዳሉ፤ በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ግን ደጀ ሰላም ስሞ የሚያልፍ አንድ ሰው አይገኝም። የምኖርባት ከተማ እኮ ታክሲው በኡራኤል ሲያልፍ ሾፌሩ መሪውን ለቆ የሚያማትብባት፣ እኔም ለነፍሴ ፈርቼ አብሬው የማማትብባት ከተማ ናት። መንፈሳውያን መጻሕፍታችን ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ቅሬታ አለኝ፤ ኃጢአተኛው ቶሎ ይመለሳል። ምን እንዳጠፋ በቅጡ ሳናውቅለት ማልቀስ ይጀምራል። ይህን ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ከልባቸው ሳቁ፤ ከዚያ ስግደት ጨመሩብኝ።

ይህን የንባብ አመል ያስያዙኝ እትዬ አስካለ ናቸው። የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ቤታቸው ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ክረምት ክረምት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ የግቢው ሴቶች እሳቸው ቤት ይሰበሰባሉ። ግማሾቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ እናቴም ከእነሱ አንዷ ነበረች፤ እኔን አስከትላ ትሄድ ነበር። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉና ጮክ ብለው ያነባሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ድምፃቸው ስለማይሰማ ንባቡ ይቆማል። ዝናቡም መቼ እንደሚመጣ ያውቅበታል፤ ልጅቷ ሚስጥሩን ልታወጣ አፏን ስትከፍት ነው። ሴቶቹ ጣሪያውን በግልምጫ ያነሱታል። እንደዚያ አድርጎ ልብ የሚያንጠለጥል ደራሲ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እትዬ አስካለ መጽሐፋቸውን ግን ለማንም አያውሱም ነበር፤ በዚህ ስስታም እንላቸው ነበር።

ያ ግቢ ዛሬ የለም። መንገድ ሆኗል፤ ሰፊ፣ መብራት በመብራት የሆነ፣ ውብ መንገድ። በዚያ ሳልፍ የእናቴ ጓዳ የቱ ጋ እንደነበር ለመገመት እሞክራለሁ፤ አንድም ቀን ተሳክቶልኝ አያውቅም። ናፍቆኛል። ሁሉ ነገሩ ናፍቆኛል፤ የጋራ ሽንት ቤቱ ሳይቀር። እሺ፣ ሽንት ቤቱ ይቅር።

ግቢው ለልማት ሲነሳ እትዬ አስካለ ቄራ፣ ልጃቸው ያለበት ኮንዶሚኒየም ገቡ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ባለፈው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደወሉልኝ።

"ማሙሽ" አሉኝ። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። "ፍልሰታ ሳይገባ አንድ ልብ ወለድ ታነብልኛለህ። ለከርሞ ስለመኖሬ ማን ያውቃል፤ አንዴ እስከ መጨረሻው ልስማው።"

"የቱን፣ እትዬ?"

"የዘነበችን ነዋ።"

ሽፋኑ ተቀዶ ስለነበር ርዕሱን ማናችንም አናውቀውም ነበር፤ የዘነበች መጽሐፍ ነው የምንለው። ዘነበች ከእናቷ ፈቃድ ውጭ አግብታ ከቤት የተባረረች ልጅ ናት። መጨረሻ ላይ በዝናብ ተመልሳ ደጅ ትቆማለች፤ እናቷ ድምፅዋን ስትሰማ ራሷን እንኳ ሳትሸፍን ሮጣ ወጥታ ታቅፋታለች። ይህ መጨረሻ የተነበበ ዕለት ግቢው በሙሉ አለቀሰ። እናቴ ከሁሉም በላይ አለቀሰች፤ ምክንያት ነበራት። ታላቅ እህቴ ጽጌ ያልተወደደላትን ሰው አግብታ ናዝሬት ገብታ ነበር። እናቴ "ደጄን እንዳትረግጥ" ብላ ምላ፣ ቤታችን ውስጥ የጽጌ ስም አይጠራም ነበር። ከዚያ እሑድ በኋላ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ እናቴ ለማንም ሳትናገር አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ስትመለስ ጽጌን ከነእርግዝናዋ ይዛት መጣች። ስለቴ ሰመረ ብላ ለቅዱስ ኡራኤል ጥላ አስገባች። እኛም እንደዚያው አመንን።

እናም ሐምሌን ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቄራ እየሄድኩ አነበብኩላቸው። "ይሄ ቤት ዝናቡን እንኳ አያሰማም" እያሉ ያማርራሉ። የሐምሌ የመጨረሻ ቀን ላይ የመጨረሻው ምዕራፍ ቀረ። ዘነበች መጣች፤ ደጅ ቆመች፤ "እማዬ" አለች። ዓይኔ ወደሚቀጥለው መስመር ቀድሞኝ ሄደና ደነገጥኩ። እናትየው ድምፅዋን ትሰማለች፤ ታውቃታለችም። ከዚያ ተነስታ በሩን ከውስጥ ትቀረቅረዋለች። ዘነበች በመጣችበት ትመለሳለች። አለቀ።

"ምነው ቆምክ?" አሉኝ። "ዝናብ የለም እኮ።"

ምን ላድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? በዚህ ዕድሜ፣ ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰሙት መጽሐፍ ነው፤ እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር አይነካም ባይ ነኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና እናትየውን አስነሳኋት፤ በሩን አስከፈትኳት፤ ዝናቡ ውስጥ አስሮጥኳት፤ አስተቃቀፍኳቸው። መጽሐፉን ዘጋሁ።

እትዬ አስካለ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደገፉ።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"አይ ማሙሽ" አሉ። "እኔ ከዚህ የተሻለ ነበር የምዋሸው።"

"እርስዎ ነዎት እንዴ የቀየሩት?"

"ታዲያ ማን ይሆናል? እናትህ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ጨብጣ፣ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ 'በሩ ተቀረቀረ' ብዬ ላንብብላት? ለነገሩ ያን ዕለት ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ አነበው ነበር። እሱ ሲያቆመኝ ነው የማስብበት ጊዜ ያገኘሁት።"

"ግን እኮ ደራሲው..."

"ደራሲው እናትህን አያውቃትም። እኔ አውቃታለሁ።"

እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ የስለት ነገር ነው ስትል እንደኖረች ነገርኳቸው። "ነው እንጂ!" ብለው ቆጣ አሉ። "መልአኩ ሠርቷል። እኔ ትንሽ አገዝኩት፤ በቃ።" አማተቡ።

ከዚያ የተጻፈውን እንዳነብላቸው አዘዙኝ፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰምተውት አያውቁም። አነበብኩላቸው። ሲያልቅ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "ጥሩ ጽፏል" አሉ። "እንዲህ ያለች እናትም አለች።" መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ዳበስ ዳበስ አደረጉት፤ ከዚያ በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ ላይ እንዳወጣላቸው መልሰው ሰጡኝ።

ቤቴ እንደገባሁ ጽጌ ደወለች፤ እንኳን ለጾመ ፍልሰታ አደረሰህ ልትለኝ ነው። ምን እያነበብክ ነው አለችኝ፤ ገድል አልኳት። ነገ ስለምጀምረው ብዙም አልዋሸሁም። ስለ ጾሙ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ናዝሬት ስላለው ሙቀት አወራችኝ፤ እኔም እህ እያልኩ ሰማኋት። ከበስተጀርባዋ የልጅ ልጆቿ እየተሯሯጡ ሲንጫጩ ይሰማል። በሩ በሚቀረቀርበት መጽሐፍ ውስጥ አንዳቸውም የሉም።