አባቴና ቀላሉ ማርሽ

እኛ ቀላል ነገር አናምንም። መድኃኒቱ ካልመረረ፣ መርፌው ካላመመ የዳንን አይመስለንም፤ ሐኪሙ «ቀስ ብለው ይራመዱ» ካለን ደግሞ ሌላ ሐኪም እንፈልጋለን። ይህን የማወራችሁ አባቴን ለማማት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለማማት ነው።

አባቴ ከእርሻው እርከን ላይ ወድቀው ጉልበታቸው ታከመና «ካላፍታቱት ደርቆ ይቀራል» ተባሉ። ደብራችን ዳገት ላይ ነው፤ ጉልበቱ ደረቀ ማለት ቤተ ክርስቲያን መሳለም ቀረ ማለት ነው። ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራው እህቴ እታገኝ ይህን ስትሰማ ባለበት የሚጋለብ ብስክሌት በካርጎ ላከች። ከተማችን መካነ ሰላም ድረስ ከስሚንቶ ጋር ተጭኖ መጣ። ብስክሌቱ ከአባቴ ስልክ ጋር ይገናኛል፤ ስልኩ ላይ የባዕድ አገር መንገድ ይታያል፤ መንገዱ ዳገት ሲሆን ፔዳሉም ይከብዳል። ያን ጊዜ ማርሹን ማቅለል ነው።

አባቴ ግን ማርሽ አያቀሉም። ይወርዳሉ።

በእኛ አገር ጨዋ ሰው ዳገት ላይ ከበቅሎው ይወርዳል፣ ይታዘንላታላ! እሳቸውም ከብስክሌቱ ወርደው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ዳገቱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። እሳቸው ካልረገጡ ደግሞ ዳገቱ አያልቅም።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው» ስላቸው፣

«ብረትም ቢሆን ያቃስታል» አሉኝ።

እንዲህ እያልን ጉልበቱ መድረቅ ጀመረ። እሑድ እታገኝ በእኔ ስልክ ስትደውል አሳበቅኩባቸው። ስቃ ስታበቃ፣ «አባዬ፣ ማርሽ ማቅለል እኮ ለበቅሎዋ መውረድ ነው» አለቻቸው። «እላይ እንደተቀመጡ ሸክሟን ያቀሉላታል።»

አባቴ አሰቡበት። ብስክሌቱ ላይ ወጥተው የማርሹን ቁልፍ ተጫኑ። ከዚያ ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ ስልክ ውስጥ ያለውን ያን የማያልቅ ዳገት ጨረሱት። አልዋሻችሁም፣ አለቀስኩ።

ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ እታገኝ ገና መስመር ላይ ስለነበረች ስልኬን ተቀበሉኝ። «አንቺስ ልጄ? ላንቺ ማን ወረደልሽ?»

እህቴም፣ «አብሽሩ አባዬ፣ እኔ ለምጄዋለሁ» አለች።

«መልመዱንማ በቅሎም ትለምዳለች። በቃሽ፣ ነይ ግቢ።»

ስምንት ዓመት ሙሉ «ለፋሲካ እመጣለሁ» ስትል የኖረችው እህቴ በሳምንቱ ቲኬት ቆረጠች። አባቴም መናኸሪያ ድረስ በእግራቸው ሄደው ሊቀበሏት ቆርጠዋል፤ ጠዋትና ማታ ማርሹን አቅለው ይጋልባሉ። ሲወርዱ ታዲያ ዛሬም የብስክሌቱን አንገት ቸብ ቸብ ያደርጉታል። ብረት መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ወደ ልጃቸው የሚያደርሳቸው እሱ ነው።