የጋሽ ከድር ጨሌ

ዕቃ ጠጋኝ ሁሉ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሬዲዮህን ፈትቶ ሲገጥም ሦስት ብሎን የሚተርፈው ነው። እሱን የማያውቅ የለም፤ የተረፈውን ብሎን ኪሱ እየከተተ «ይኼ ድሮም አያስፈልግም ነበር» ይልሃል። ሁለተኛው ግን ያልነበረ ነገር ጨምሮ የሚመልስልህ ነው። ከዚህኛው እጅ የወደቀ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲደነግጥ ይኖራል። ሐረር ሸዋ በር አካባቢ የዚህ ወገን አለቃ ሱቅ ከፍተው ተቀምጠዋል፤ ክቡር ጋሽ ከድር ይባላሉ።

ጋሽ ከድር ያልለኩትን ነገር አያምኑም። «ቴሌቪዥኔ አልበራ አለኝ» ብለህ ስትገባ አያዝኑልህም፤ «ስንት ቮልት አገኘህ?» ይሉሃል። እኔ በምን አውቃለሁ ስትል መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። «መለኪያ ቦታ የለውማ! ነገ ይኼን ማን ይለካዋል ብለው አላሰቡም። ወላሂ ግፈኞች ናቸው!» ግፈኞች የሚሏቸው ዕቃውን የሠሩትን ፋብሪካዎች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ዕቃ ቦርዱ ላይ ሁሉም ነገር ተጠጋግቶ ነው የሚሠራው። የመለኪያቸው የቴስተሩ ጫፍ ትንሽ ከተንሸራተተ ሁለት እግር አንድ ላይ ይነካና ደህናው ዕቃ ይቃጠላል። ስለዚህ ክቡርነታቸው አንድ ዕቃ እጃቸው ሲገባ፣ መለካት ያለበት ቦታ ሁሉ ላይ ቀጭን ሽቦ ቀለበት አድርገው ይበይዳሉ፤ የቴስተሩ መቆንጠጫ እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። አላቆሙም። የትኛው የቱ እንደሆነ እንዲለይ ከጀጎል ውስጥ የብርጭቆ ጨሌ እየገዙ በየቀለበቱ ላይ ይሰካሉ። ቀዩ ኃይል የሚገባበት፣ ጥቁሩ የመሬት መስመሩ፣ ቢጫው ሞተሩ የሚታዘዝበት። ሰው ለአንገቱ የሚገዛውን እሳቸው ለቦርድ ይገዛሉ።

በሠርግ ቤት ሙዚቃ የሚያጫውተው ዘላለም አንድ ፊውዝ ለተቃጠለበት አምፕሊፋየር ሄዶ አስራ ዘጠኝ ጨሌ ይዞ ተመልሷል። «ጋሼ፣ ዕቃዬን ሙሽራ አደረጉት እኮ!» ቢላቸው ቴስተሩን እጁ ላይ አስቀመጡለት። «እኔን አትመን፤ ለካ!» አስራ ዘጠኙንም አስለኩት። የዚያን ቀን ሠርግ ሙሽሪት መኪና ውስጥ ተቀምጣ ነበር፤ ሚዜዎቹ በስልክ እየጮኹ ነበር። እሳቸው ግን አስራ አራተኛው ላይ «እስቲ ድገመው» አሉት።

ሌላም ሕግ አላቸው። ባለቤቱ ውስጡን ሳያይ ክዳን መግጠም እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ክዳኑን በሲባጎ አስረው፣ ብሎኖቹን በወረቀት ጠቅልለው «ቤትህ ገብተህ አይተህ ግጠም» ይሉሃል። እኔን ጉድ ያደረገኝ ይኼ ሕጋቸው ነው።

እናቴ ሮማነወርቅ ሳንባዋ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኗታል። አቦከር ያለው ቤታችን ውስጥ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ማሽኑ ድርግም አለ። ጎረቤት የኦክስጅን ሲሊንደር አበደረን፤ ቢበዛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚያደርሰን ነገረን። ማሽኑን ይዤ ሸዋ በር በረርኩ። ጋሽ ከድር ያበጠች አንዲት ካፓሲተር ቀይረው፣ እንደ ልማዳቸው ጨሌያቸውን ሰክተው፣ ስምንት ሰዓት ላይ መለሱልኝ። በባጃጅ ስመለስ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሶኬቱን ሳልሰካ እናቴ ክዳኑን ገለጥ አደረገች።

«ጨሌ!» አለች። ሦስት ጊዜ አማተበች። «የዛር ዕቃ ቤቴ አስገባህ?»

እናቴ በወጣትነቷ የአክስቷን የዛር ጨሌ በሙቀጫ ወቅጣ ገደል የጣለች ሴት ናት። እኔ ግን በመጀመሪያ ሳቅሁ። «እማዬ፣ መለኪያ ነው እኮ!» አልኳት። «በዛር ዕቃ አልተነፍስም። ብሞት ይሻለኛል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የሲሊንደሩን መርፌ አየሁት። ቀዩ ጋ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ለመንኳት፣ እግሯ ላይ ወደቅሁ፤ ወይ ፍንክች! ጋሽ ከድር ጋ ደወልኩ።

ቴስተሩን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ እያለከለኩ ደረሱ። ከእናቴ ይልቅ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ።

«አስተግፊሩላህ! እኔ? አምስት ወቅት ሶላቴን የማልተው ሰውዬ ድግምተኛ ልባል? እማማ፣ ሁሉንም እሰብራቸዋለሁ፤ ሽቦው ብቻ ባለበት ይቅር!» ፒንሳቸውን አውጥተው አንዱን ቀይ ጨሌ ቀጨም አድርገው አደቀቁት።

እናቴ ዞር አለች። «ቆይ» አለች፤ በየቃሉ ነበር የምትተነፍሰው። «መጀመሪያስ... ለምን... አደረግከው?»

«እኔን አይመኑ፤ እርስዎ ራስዎ ይለኩ!»

ሰው በሚገድለው በመብራቱ መስመር በኩል አንድም ቀለበት የለም፤ እሱን እጅ እንዳይነካው ደፍነውታል። ማሽኑን አስነስተው መቆንጠጫውን እጇ ላይ አደረጉላት። የእናቴ እጅ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። ቢሆንም መቆንጠጫው ጨሌው የደቀቀበትን ቀለበት ያዘ፤ እጇ ቢንቀጠቀጥም አልለቀቀም። «አስራ ሁለት» ብላ አነበበች። ወደ ቢጫው ወሰደችው። «አምስት።»

«አዩት? እጅ ቢንቀጠቀጥም አይንሸራተትም።»

«ያንተ እጅ... ይንቀጠቀጣል እንዴ?»

ጋሽ ከድር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ዓይኔ ከድቶኛል፣ እማማ። እጄም ጀምሮታል። ይኼ ማሽን ሌላ ጊዜ ሲበላሽ የሚከፍተው ሌላ ሠራተኛ ነው። የማላውቀው ሰው። የት እንደሚለካ ጠፍቶት ሲነካካ ቢያቃጥለውስ? ያን ቀን እርስዎ በምን ሊተነፍሱ ነው?»

ስንት ዓመት ሙሉ ሰውየው ጉራቸውን የሚነዙ ነበር የመሰለኝ። ዘላለምና እኔ ስንት ጊዜ ስቀንባቸዋል። ለካ በየቤታችን ቲቪና ሬዲዮ ውስጥ፣ እሳቸው ከሌሉ በኋላ ለሚመጣ ለማያውቁት ሰው መንገድ ሲያበጁ ነው የኖሩት። አፈርኩ።

እናቴ ሲሊንደሩን አላየችም፤ ጋሽ ከድርን ነበር የምታየው። የማሽኑን ቱቦ ራሷ አንስታ አፍንጫዋ ላይ አደረገች። አንዴ ሳበች። ደግማ ሳበች። የከንፈሯ ቀለም ተመለሰ።

«ሌላ ሠራተኛ አልፈልግም» አለችው። «አንተው ኑርልኝ።»

«አሚን» አሉና ክዳኑን ሊገጥሙ አጎነበሱ። የመጀመሪያውን ብሎን ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስት ጊዜ ሳቱት። ካቻቪቴውን ተቀበልኳቸው፤ ግን ዓይኔ እንባ ሞልቶ ቀዳዳው ለእኔም አልታይ አለኝ።