የመሳቢያዬ ነዋሪዎች

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህን ያሉት አባቶቻችን ሰምን አያውቁትም ነበር ማለት ነው። ወረቀትማ ይቀደዳል፣ አይጥ ይበላዋል። ሞኝም ቢሆን አንድ ቀን ይነቃል። ሰም ግን ሰውን አንዴ ከያዘ ያዘ ነው። አንተ ከየት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። የዕድሜዬን ግማሽ ሰው በሰም ቀብሬ ስቆራርጥ ነው የኖርኩት።

አይዟችሁ፣ አትነሡ። ነፍሰ ገዳይ አይደለሁም። በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ሐኪሙ ከበሽተኛው ላይ እጢ ወይም የተጠራጠረውን ሥጋ ቆርጦ ይልክልኛል። እኔ እርጥበቱን አስመጥጬ ነጭ ሰም አቅልጬ አፈስበታለሁ። ሲረጋ እንጨት ላይ አጣብቄው ማይክሮቶም የሚባለው መኪና ላይ አስረዋለሁ። ጎማውን ስታዞሩት ሰሙ ከፍ ዝቅ እያለ ምላጩን ይነካል፤ በነካ ቁጥር ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ይወጣል። አንዱ ከአንዱ እየተያያዘ እንደ ሪባን ይረዝማል። እሱን ለብ ያለ ውሃ ላይ ዘርግቶ በመስታወት ማውጣት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ሥራ ይመስለኛል፤ የቸኮለ ሁሉ ሥጋውን ቀዳዶት ቁጭ ይላል።

ከእንጨቱ ጋር የተረፈው ሰም፣ ብሎክ የምንለው፣ ግን አይጣልም። ሐኪሙ ነገ ተነሥቶ ድገምና ቁረጥ ቢልስ? ስለዚህ ቁጥር ተጽፎበት መሳቢያ ይገባል። እንግዲህ አስቡት፤ የጅማ ሰው፣ የአጋሮ ሰው፣ የሊሙ ሰው፣ እያንዳንዱ ቅንጣት ታህል ሆኖ እኔ ዘንድ ተደርድሯል።

አንድ ቀን ለገበያ ሰርቦ ወርጄ አንገቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰውዬ ቡና ሲያስመዝን አየሁ። አወቅሁት። እሱ አላወቀኝም። እንቅርቱ ጅማ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፤ ባለቤቱ ደግሞ እዚህ ቆሞ ሚዛኑ ዋሽቷል ብሎ ይጨቃጨቃል። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ሲኖር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በየቀኑ አይ ነበር። ይህም ባልከፋ። የሚከብደው ባለቤቶቹ ሲሞቱ ነው። ተለቅሶላቸው፣ ተቀብረው፣ ሚስታቸው ሌላ ባል አግብታ፣ መሳቢያ ውስጥ ላሉት የሚነግራቸው የለም። እነሱ እንዳሉ ናቸው። አንዳንዴ መሳቢያውን ስከፍት ድምፄን ዝቅ የማደርገው ለምን እንደሆነ ራሴም አላውቅም።

ጓደኞቼማ መቀለጃ አድርገውኝ ነበር። ሥጋ ቤት ስንገባ ቢላዋውን ከፊቴ ያነሣሉ። አንተ ስትቆርጥ ሥጋው በወዲያ በኩል ያሳያል፣ አንጠግብም ይሉኛል። እስቃለሁ። ምን ላድርግ?

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ከአወቱ ወንዝ አጠገብ አዴ ዘኒባ የሚባሉ እናት ነበሩ። ምንጣፍ ይሸጣሉ፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ልጄ ይላሉ። ከሆዳቸው የወጣው ግን አንድ ብቻ ነበር፣ ነዚፍ። ተማሪ ነበር። አንገቱ ሥር እጢ ወጥቶበት ሐኪሙ ቆርጦ ላከልኝ። ክፉ ነገር አልተገኘበትም፤ ዳነ። ነዚፍ ነገር መጠየቅ የሚወድ ልጅ ስለነበር ቁራጬን ካላሳየኸኝ ብሎ መጣ። አሳየሁት። ቤቱ ሄዶ ለእናቱ፣ እማ፣ ግማሼ ሆስፒታል በሰም ተቀምጧል ብሎ አሳቃቸው።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። የትኛው ዘመን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ነዚፍን በጠራራ ፀሐይ ከቤቱ ወሰዱት። አዴ ዘኒባ ምግብ በአገልግል እየያዙ ሲመላለሱ ከረሙ። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ጠባቂ አገልግሉን ሳይቀበል፣ ከእንግዲህ አያምጡ አላቸው። በቃ። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም። ማልቀስም የለም፤ ለፀረ አብዮተኛ ያለቀሰ እሱም ፀረ አብዮተኛ ነው። ሰው ልጁ ሞቶበት ፊቱን ታጥቦ ስብሰባ ይወጣ ነበር። 

በጋ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የክፍሉ ሰው በሙሉ ወደ ውይይት ክበብ ሄዶ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። የሰም ነገር ተጥሎ አይሄድም እያልኩ ከውይይት የማመልጠው በዚሁ ነው። በሩ ተንኳኳ። አዴ ዘኒባ ነጭ ጨርቅ አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ገቡ። 

“የመጣሁት ልጄን ልወስድ ነው” አሉኝ።

ምን እንደሚሉ ወዲያው ገባኝ፤ ግን ያልገባኝ መሰልኩ። “አዴ ዘኒባ፣ እዚህ እኮ…”

“ማሎ፣ እባክህ፣ አታድክመኝ። እዚህ እንዳለ ነግሮኛል። ያላጠብኩትን፣ ያላሰገድኩበትን ልጅ እንዴት ሞተ ልበል? ቅንጣትም ቢሆን አፈር ይቅመስልኝ። ዋላሂ፣ ሌላ ነገር አልለምንህም።”

ምን ትላላችሁ? እኔ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አይሆንም አልኩ። ያን ጊዜ ብሎኩ የሕዝብ ንብረት ነው። እየመጡ የሚቆጥሩት ኮሚቴዎች ነበሩ። አንዱ ከጎደለ አሻጥር ይባላል፤ የማን እንደሆነ ከታወቀ ደግሞ እኔም አዴ ዘኒባም ነዚፍን ተከትለን መሄዳችን ነው። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። ሰምተው ጨረሱና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አይነሡም። እንባ ቢያወጡ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ አንድ ነገር ታየኝ። ብሎክ መስጠት ወንጀል ነው፤ ብሎክ ቆርጦ መጨረስ ግን ሥራ ነው። በየጊዜው ሥጋው የሚያልቅ ብሎክ አለ። ከተቆረጠውም ትንሿ መስታወት ላይ ትወጣለች እንጂ ሌላው ተጠርጎ ይጣላል፤ እሱን የሚቆጥር ኮሚቴ አልተፈጠረም። እንጨቱ ከነቁጥሩ፣ ከነባዶ ሰሙ መሳቢያው ይመለሳል። ማን ያውቃል?

የነዚፍን ብሎክ አውጥቼ አሰርኩ። በሆዴ በስመ አብ አልኩ፤ እሳቸው በአፋቸው ቢስሚላህ አሉ። ጎማውን ማዞር ጀመርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ሪባኑ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ከምላጩ ብድግ ብሎ እጅ ላይ ይለጠፋል፣ እስትንፋስ ይከተላል። ይህ ሳይንስ ነው፤ እኔም ለአዲስ ሠራተኛ ሳስተምረው ኖሬያለሁ። የዚያን ቀን ሪባኑ ብድግ አለ። እጄ ቅርብ ነው፤ ወደ እጄ አልመጣም። ፊቴም አጠገቡ ነው፤ ወደ እኔ አልመጣም። ጫፉ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ጠረጴዛውን ተሻግሮ አዴ ዘኒባ ወደተቀመጡበት ዞረ። ተነፈስኩበት፣ አልተመለሰም። ፀጉሬ ቆመ። እሳቸው አልደነገጡም።

“ኢልማ ኮ” አሉት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ጨርቁን ዘረጉለት። ሄዶ ተኛበት።

እንዲህ እያለ ቀጠለ። እኔ አዞራለሁ፣ ሪባኑ ይነሣል፣ እሳቸው ይቀበላሉ። በኋላ ሥጋው አለቀና ባዶ ሰም መውጣት ጀመረ። ያው ምላጭ ነው፣ ያው ደረቅ አየር ነው። ባዶው ሰም ግን ምላጩ ሥር ክልትው ብሎ ወደቀ፤ አልተነሣም። ለዚህ ሳይንስ ያላችሁ ንገሩኝ፤ እኔ እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም። አዴ ዘኒባ ጨርቁን አጥፈው፣ አላህ እጅህን ይባርክልህ ብለውኝ ሄዱ። እኔ እጄን ስታጠብ ቆየሁ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን የት ይቀበር? አስከሬን ሳይኖር ጉድጓድ ቢቆፈር ቀበሌው የማን ነው ይላል። ስለዚህ ሌላ ሰው እስኪሞት መጠበቅ የግድ ሆነ። ወሬው በሴቶቹ በኩል ዳር ዳሩን ዞሮ ነበር መሰለኝ፣ የዚያ ሰፈር ሽማግሌዎች ጤናቸው ያን ሰሞን እንደተጠየቀ ተጠይቆ አያውቅም። አንዱ ካሳለ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየዋል።

በመጨረሻ የሞቱት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አባ ቦራ። አባ ቦራ ማለት ያልከሰሱት ጎረቤት የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። ዶሮህ ገባችብኝ፣ ጥላህ ቡናዬ ላይ አረፈብኝ እያሉ የቀበሌውን ፍርድ ሸንጎ ቢሯቸው አድርገውት ነበር። ነዚፍንም በልጅነቱ ዘይቱናዬን ሰረቀኝ ብለው ከሰውታል። የሰፈሩ ጀናዛ አጣቢ የአዴ ዘኒባ ወንድም ነበርና አባ ቦራን ሲገንዝ ያችን ነጭ ጨርቅ ከከፈናቸው ሥር፣ ብብታቸው ውስጥ አስገባት። ከሳሽና ተከሳሽ ተቃቅፈው ተሰገደባቸው።

ልቅሶው እንዴት ያለ ልቅሶ መሰላችሁ። ሴቶቹ እቤት ቀርተው ያነቡት፣ ወንዶቹ መቃብር ላይ ያነቡት፣ አንድ ዓመት ሙሉ የታመቀው ሁሉ ነው የወጣው። ልጁን ያጣ ልጁን፣ ወንድሙን ያጣ ወንድሙን በአባ ቦራ ስም አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ሰውዬውን ሁለቴ ያየኋቸው አይመስለኝም። የአባ ቦራ ትልቁ ልጅ ግራ ገብቶት፣ አባታችን ይህን ያህል ይወደዱ ነበር እንዴ አለኝ። ምን ልበለው? እጅግ አልኩት። እውነቴን ነው፣ ሰውየው ከዚያ ወዲያ እንደ አባቴ ልሁን ብሎ ደግ ወጣው። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ሽጉጡን ታጥቆ ዳር ቆሞ ሁላችንንም ሲያይ ዋለ።  እሱ ዝም ማለቱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ዓመታት አለፉ፤ ብሔራዊ ውትድርና የሚባል መጣ። ጎረምሳ እየተለቀመ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ የሄደው ሲቀር አስከሬን ቀርቶ ወሬም አይመጣም። አንድ ጠዋት ሥራ ገብቼ ምላጭ ስስል ያው ሊቀመንበር በሩን ገፍቶ ገባ። ከኋላው ረጅም ልጁ አለ። አለቀልኝ አልኩ። 

“የአባ ቦራ ልቅሶ የማን እንደነበር ያላወቅሁ መስሎህ ነው?” አለኝ።

 ምላጩን አስቀመጥኩ።

ልጁን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። “ይህ ልጄ ነው። ሰኞ ይዘምታል። ከሱ ላይ ትንሽ ቁረጥና መሳቢያህ ውስጥ አስቀምጥልኝ” አለ።

ልጁን አየሁት። ደረቱ ሰፊ፣ ጥርሱ ነጭ። “ምኑን ነው የሚያመው?”

“ምኑንም አያመው።”

እንግዲህ በሥራዬ ዘመን ጤነኛ ሲመጣብኝ የመጀመሪያዬ ነበር። “ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ከሰው ላይ አልቆርጥም፤ ሐኪሙ ቆርጦ ሲልክልኝ ነው። ሐኪሙን ይጠይቁ” አልኩት።

“ጠይቄዋለሁ” አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “እሺ ብሏል። ግን መጀመሪያ የራሱን ልጅ ቆርጦ እስኪጨርስ ጠብቁኝ ነው የሚለው።”